ዓይን እስከደረሰበት

 

ክረምት ሲገባ የሰሜኑ መንገዳችን ሌላ መንገድ ይሆናል። ከጎንደር ተነስቶ ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ የወጣ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ከተማው ውስጥ ብርሃን ነበር፤ ዳገቱ ሲያልቅ መስታወቱ ፊት ነጭ ነገር ይጋረጣል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይብሳል። ዳባት ትንሽ ገለጥ ይልና ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ደባርቅ ስትደርሱ፣ ከተማ መግባታችሁን የምታውቁት በባጃጅ ጡሩንባ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ ፈልፍሎ ያወጣው፣ ወደ ዛሪማ የሚጠማዘዘው ቁልቁለት። እዚያ ጉሙ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከገደሉ ሥርም ይነሳል።

በዚህ መንገድ አደጋ ሲደርስ ሁለት ንግግሮች ይሰማሉ። ሹፌሩ «አላየሁትም» ይላል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሰው ደግሞ «ቀደር ነው» ይላል። ሁለቱም ውሸት አልተናገሩም። ሹፌሩ እውነትም አላየውም። ከአላህ ውሳኔ ውጪ የሆነ ነገር እንደሌለም እናምናለን። ሆኖም እነዚህ ሁለት እውነቶች አንድ ላይ ሲቀመጡ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይሸፍኑብናል፦ ሳያይ ለምን ነዳ?

ነገሩን በደንብ ካሰብነው በጉም ውስጥ «አላየሁትም» ማለት ማስተባበያ አይደለም፤ ክሱ ራሱ ነው። ከቤት ውስጥ ድንገት ሮጦ የወጣ ልጅን «አላየሁትም» ያለ ሰው ልጁ መውጣቱን አስቀድሞ አላወቀም። ጉም ውስጥ የሚነዳ ግን አለማየቱን ያውቀዋል። ከአደጋው በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል አንገቱን አስግጎ፣ መስታወቱን በእጁ እየጠረገ፣ «ምንም አይታይም እኮ» እያለ ነበር። አለማየቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እግሩ ግን ልክ እንደሚያይ ሰው ነዳጅ ይሰጣል።

ሒሳቡን አንዴ አብረን እንሥራው፤ ብዙዎቻችን በግምት ስለምናልፈው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ነቃ ያለ ሹፌር የሆነ ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ መኪናው ምንም ሳይቀንስ 33 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ደህና ሆኖ እንኳ ለመቆም 60 ሜትር ገደማ ይጨምራል። በድምሩ ከ90 ሜትር በላይ ማለት ነው። በ40 ቢሄድ 32 ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። በ20 ደግሞ 12 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ቁልቁለት፣ ጣሪያው ላይ ጭነት የተቆለለበት መኪና፣ ያለቀ ጎማ ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። እንግዲህ ጉሙ 30 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ በ80 የሚነዳው ሰው ከዓይኑ አልፎ 60 ሜትር ያህል ሄዷል ማለት ነው። በእነዚያ 60 ሜትሮች ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ደግሞም በስሜት መተማመን አያዋጣም። በ1998 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ጉም ውስጥ ያለ ሹፌር ከእውነተኛ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ እንደሚመስለው አሳየ። በ2012 ኢላይፍ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጉሙ እንደ እውነተኛው ጉም በርቀት እየወፈረ ሲሄድ ስሜቱ የተገላቢጦሽ መሆኑን አገኘ። ተመራማሪዎቹ እንኳ በዚህ የተለያዩበት ነገር ነው። ስለዚህ «ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው» ከማለት በፊት ቆጣሪውን ማየት ነው።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። ስለ መኪና የሚያወራ ሐዲስ የለም ብለን ይህን ጉዳይ ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የተውን ይመስለኛል። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መንገደኛ ነበሩ፤ ስለ ጉዞ ያስተማሩት ብዙ ነው። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በመሰናበቻው ሐጅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዐረፋ ሲመለሱ እንዴት ይጓዙ እንደነበር ተጠይቆ የሰጠው መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሰው በተጨናነቀበት በልከኛ እርምጃ ይጓዙ ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ክፍት ቦታ ሲያገኙ ግመላቸውን ፈጠን ያደርጓት ነበር። በዚያው ጉዞ ሰዎች ግመላቸውን እየገረፉ ሲያጣድፉ ሰምተው እርጋታ እንዲይዙ፣ መልካምነት በማጣደፍ እንዳልሆነ ነግረዋቸዋል።

እኔን የሚገርመኝ የኡሳማ አነጋገር ነው። ዝግታን እንደ ኢባዳ፣ ፍጥነትን እንደ ወንጀል አላቀረበልንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈጥነዋል፤ ክፍት ቦታ ሲገኝ። የፍጥነታቸው ልክ ከፊታቸው ያለው ሜዳ ነበር። መኪና ያለው ሰው «ኢስላም ቀስ በሉ ይላል» የሚለውን ስብከት ሰምቶ ሊሰለች ይችላል፤ እውነትም መንገዱ ደረቅና ግልጽ ሲሆን በ20 መጓዝ ለማንም አይጠቅምም። ጥያቄው ከፊትህ የተከፈተልህ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በጥር ከዳባት ወደ ደባርቅ ሩቅ ድረስ ይታይሃል። በነሐሴ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መኪና፣ የተከፈተልህ 30 ሜትር ብቻ ነው። ምልክቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ሊሆን ይችላል፤ የተሰጠህ ግን አንድ አይደለም።

የአንጀሻም ነገር አለ። ግመሎችን በዜማው የሚያስጋልብ ግመል ነጂ ነበር፤ በግመሎቹ ላይ ሴቶች ተሳፍረዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ረጋ በል አሉት፤ የጫናቸውን ሴቶች በመስታወት ዕቃ መስለው። ከኋላ ወንበር ነፍሰ ጡር፣ አሮጊት እናት፣ ጎንደር ሆስፒታል የምትወሰድ ሕመምተኛ ይዞ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ የሚጋልብ ሹፌር ይህን ሐዲስ ቢሰማ ለእሱ የተነገረ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ሹፌሮቻችን የሚያነሱት መልስ አለ፤ ረዳቶቹም በኩራት ይደግሙታል፦ «መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል!» ተሳፋሪ ሲፈራ የሚነገረው ይኸው ነው። እናት «ልጄ፣ ኧረ ቀስ በል» ሲሉ ረዳቱ «እማማ፣ አይስጉ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳዋል» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ እያደረገ ያለው ይኸንኑ ነው።

መንገድን በቃል ማወቅ ትልቅ እውቀት ነው፤ አልንቀውም። የት እንደሚታጠፍ፣ የት አስፋልቱ እንደተቆረሰ፣ የት ድንጋይ እንደሚንከባለል ማወቅ ሰው ያድናል። ግን በቃል የሚታወቀው የትናንቱ መንገድ ነው። በትናንቱ መንገድ ላይ የዛሬዋ አህያ የለችም። የተበላሸበትን መኪና መሐል አስፋልት ላይ ትቶ መፍቻ ሊለምን የሄደው ሹፌር የለም። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ በነጭ ጉም ውስጥ በጎቹን የሚያሻግረው ገበሬ የለም። ያ ሰው በማንም ትዝታ ውስጥ አልተመዘገበም። እሱ ለሹፌሩ ገይብ ነው፤ ከዓይን የተሰወረ ነገር። የገይብ እውቀት ደግሞ የአላህ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናምናለን። በጉም ውስጥ «ማንም የለም» ብሎ በ80 የሚነዳ ሰው በአፉ ባይናገረውም በእግሩ የገይብ እውቀት እየተናገረ ነው። ይህን ስል አማኝ ወንድሞቼን ለማስደንገጥ አይደለም፤ ጉዳዩ ከትራፊክ ቅጣት አልፎ ከዐቂዳችን ጋር እንደሚነካካ እንድናይ ነው።

ወደ ቀደር እንመለስ። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም እየተጓዙ ሳለ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ከሶሓቦች ጋር ተማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ የታወቀ ነው፤ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል ትርጉም አለው። ቀጥለውም ምሳሌ ሰጡ፦ ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትገባ፣ በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? ልብ በሉ፤ ዑመር ይህን የተናገሩት መንገድ ላይ ሳሉ ነው፣ ከፊታቸው ያለው አደጋ ስለተነገራቸው ጉዞ ያቆሙ መንገደኛ ሆነው። ጉሙ ቀደር ነው፤ ፍሬኑም ቀደር ነው። አንዱን ብቻ ቀደር ብሎ መጥራት ደግ አይደለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ ለእነሱ የተገባ ነው። መሪ የጨበጠው ሰው ያንን መጽናኛ ተሻምቶ ለራሱ መከላከያ ሲያደርገው ግን ቃሉ ከቦታው ወጥቷል።

ዑለማዎቻችን ይህን በሕግ ቋንቋም አስቀምጠውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዑስማኒያ መንግሥት ያዘጋጀው መጀላ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ማንም ሰው በሕዝብ መንገድ የማለፍ መብት እንዳለው ይናገራል፤ መብቱ ግን በደኅንነት ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፣ ማለትም ሊጠነቀቁለት በሚቻል ነገር ሌላውን አለመጉዳት። በቅርቡ ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. ብሩናይ ላይ ባደረገው 8ኛ ጉባኤው ስለ መኪና አደጋ ውሳኔ አሳልፏል። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ የትራፊክ ደንብን ማክበር ግዴታ ነው አለ። ሹፌሩ በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል አለ። ከተጠያቂነት የሚወጣባቸውንም ሁኔታዎች ዘረዘረ፦ ሊመልሰውና ሊጠነቀቅለት የማይችለው ኃይል ሲገጥመው፣ የተጎጂው የራሱ አድራጎት ዋና ምክንያት ሲሆን፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሦስተኛ ሰው ሲሆን።

እንግዲህ ፍረዱ። በነሐሴ ወር አምባ ጊዮርጊስ ላይ የሚገጥም ጉም ሊጠነቀቁለት የማይቻል ድንገተኛ ኃይል ነው? ከሰኔ ጀምሮ እያንዳንዱ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው።

ያው ውሳኔ እንስሶችን በመንገድ ላይ በቸልታ የሚለቅ ባለቤትም እንደሚጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ በጎቹን ትቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነፃ አይደለም፤ ሸክሙ ሁሉ በሹፌር ላይ ይጫን ማለቴም አይደለም።

የሀገራችንም ሕግ እዚሁ አካባቢ ነው ያለው። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ቅጣቱን ያከብድበታል። ለምሳሌ የጠራቸው ሁለት ሙያዎች ሐኪምና አሽከርካሪ ናቸው። ሐኪም በጨለማ ክፍል ውስጥ ቢላ ሲያነሳ ብናይ ሁላችንም እንጮሃለን። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለንብረት መሪውን ራሱ ባይዘውም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህን የማነሳው ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ሰው ስለምንረሳው ነው። በቀን ይህን ያህል ምልልስ፣ ይህን ያህል ገቢ ብሎ የተመነው ማነው? ክረምትና በጋ ገቢው አንድ ከሆነ፣ ባለንብረቱ ጉም የለም ብሎ ወስኗል ማለት ነው። አገሬው አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሲሰይመው እኛ ሙስሊሞችን ቀልዱ ሁለቴ ይቆረቁረናል፤ ግን ስሙን ያወጣለት ማርሹ አይደለም፣ ጭነቱ በሰዓቱ ካልደረሰ የሚል ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ሹፌሮች አስቡ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጉም ውስጥ፣ ሁለቱም በ80 ይነዳሉ። አንዱ ከኮሶዬ በላይ በጎች ከሚያሻግር ልጅ ጋር ይገናኛል። ሌላው ከአሥር ደቂቃ በኋላ በዚያው ቦታ ያልፋል፤ ማንም አልነበረም። የመጀመሪያው ላይ ምን እንደሚወድቅ እናውቃለን። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ መሠረት በስህተት ሙእሚን የገደለ ሰው ለቤተሰቡ ዲያ ይከፈላል፣ እሱም ባሪያ ነፃ ያወጣል፤ ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ስድሳ ቀን ያህል፣ ያለማቋረጥ፣ ሆን ብሎ ላልፈጸመው ነገር። ላይ ላዩን ስናየው ከባድ ይመስላል፤ ግን ነፍስ እንዴት እንደምትከብድ የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ሹፌር ዲያ የለበትም፣ ጾም የለበትም፣ አንቀጽ 543 አይነካውም። ጎንደር ገብቶ ምሳውን በልቶ «ዛሬ እንዴት አድርጌ እንደመጣሁ!» እያለ ያወራል፤ ሰዎችም ያደንቁታል።

ታዲያ ሁለቱን የለየው ምንድን ነው? የራሳቸው ሥራ አይደለም። ልጁ አሥር ደቂቃ ቀድሞ መሻገሩ ነው። በሰው ፊት ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው፤ መሆንም አለበት፣ የሞተ ልጅ አለና፣ ሐቁም መከፈል አለበትና። ነገር ግን መሪውን ይዘው የመረጡት ምርጫ አንድ ነበር። ሁለቱም በማያዩት መሬት ላይ የሌላ ሰው ነፍስ አስይዘዋል። አንዱ ያስያዘውን አጣ፤ ሌላው ያስያዘው ተመለሰለት። የተመለሰለት ሰው ተውባ የሚያደርግበት ወንጀል እንዳለበት እንኳ አይገነዘብም፤ ምክንያቱም በደሉን የሚያሳየው ደም የለም። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ የምሰጋለት ለእሱ ነው። የመጀመሪያው ስድሳ ቀን እየጾመ ምን እንዳደረገ ያስባል። ሁለተኛው ነገ ጠዋት ተመልሶ በ80 ይወጣል፤ ትናንት መድረሱን እንደ ማስረጃ ይዞ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በመላው ዓለም በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ይናገራል። ያንን ቁጥር ስሰማ የሚታየኝ በሰላም የደረሱት ናቸው፤ ስንት ጊዜ ማንም ባለመኖሩ ብቻ ተረፉ?

ተሳፋሪዎችም ከዚህ አንወጣም። «ንዳው እንጂ፣ እስከ መቼ ልንንፏቀቅ ነው!» የሚል ድምፅ ከሹፌሩ ወንበር አይመጣም። በተለይ ዛሬ ጁሙዓ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል፦ ከደባርቅ ተነስቶ ኹጥባ ጎንደር ላይ ለመድረስ ሹፌሩን የሚያጣድፍ ወንድም አጋጥሟችሁ ይሆናል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ዑለማዎች የሙሳፊርነት ልክ ካደረጉት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያልፋል። ሙሳፊር ላይ ጁሙዓ ግዴታ አይደለም፤ ዙህርን አሳጥሮ መስገድ ይችላል። ኢቃማ የሰማ ሰው እንኳ ወደ ሶላት እንዳይሮጥ፣ በእርጋታ እንዲመጣ ነው የታዘዝነው። ለሶላት ብሎ የሰው ልጅ ማስፈራራት ከየት የመጣ ነው?

«እኔ ቀስ ብል ከኋላዬ ያለው ይገጨኛል» የሚለው ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ ችላ ብዬ አላልፈውም። መጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. በአቡዳቢና በዱባይ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ላይ በጠዋት ጉም በርካታ አሥር መኪናዎች እርስ በርስ ተደራርበው ሰው ሞቶበታል። እዚያ የሚሠሩ ልጆቻችን እንደሚያውቁት ዛሬ አቡዳቢ ውስጥ ጉም ሲወርድ የመንገዱ ሰሌዳ ራሱ ፍጥነቱን ወደ 80 ያወርዳል፤ ሁሉም አብሮ ይቀንሳል። እኛ ጋ ያ ሰሌዳ የለም። ስለዚህ አሽከርካሪው ድንገት ከመቆም ይልቅ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ አጭሩን መብራት ያብራ፣ ረጅሙ ጉሙ ላይ አንጸባርቆ የራሱን ዓይን ይመታዋልና። ፍሬቻዎቹን ሁሉ ያብልጭልጭ፤ በመታጠፊያ ላይ ጡሩንባ አይሰስት። መቆም ካለበት ከአስፋልቱ ፈጽሞ ይውጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት የሚያርፍ መንገደኛ ከመንገዱ ገለል እንዲል አዝዘዋል፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ሊማሊሞ ላይ ግን ገለል የሚባልበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ ውሳኔው ደባርቅ ላይ መሆን አለበት፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር።

በዚያ ገደል መሻገር ከእኛ የጀመረ አይደለም። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች፣ አያቶቻችን፣ በቅሎና አህያ ጭነው ያኔ ላማልሞ ይባል በነበረው በዚያ ዳገት ወደ ምፅዋ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የመጣው በዚያው ነው። ሲራራው ክረምት ሲገባ ይቆም ነበር። ተከዜ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ነጋድራሱም ጭነቱን አራግፎ መስከረምን ይጠብቃል። ሸቀጡ ዘገየ ብሎ ፈሪ ያለው ሰው አልነበረም። ዛሬ ሹፌሩ ደባርቅ ሻይ ቤት ገብቶ ጉሙ ገለል እስኪል አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ግን ስልኩ ሦስት ጊዜ ይጮሃል፤ ባለንብረቱ፣ ጭነቱን የሚጠብቀው ነጋዴ፣ ከውጪ ደግሞ ሰዓቱን የሚያይ ተሳፋሪ። በዚያች ሰዓት ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ተነስቶ «ሹፌር፣ ሻይህን በደንብ ጠጣ፤ ሒሳቡ በእኔ ነው» ቢለው፣ ስልኩን ላለማንሳት አቅም ያገኛል።